ጭራ ረጅሟ ዝንብ ያዥ በደሴና በኮምቦልቻ መቼ ትፈለፍላለች? የጎጆ ክትትል መመሪያ

ደሴና ኮምቦልቻ ሁለት ዝናብ የሚያዩ ከተሞች ናቸው። በልጉ በየካቲትና በመጋቢት ይጀምራል፣ ክረምቱ በሐምሌና በነሐሴ ይጠነክራል፤ በልጉ የሚቀርበት ዓመትም አለ። ዝንቡም የእሳት እራቱም ዝናብ ተከትሎ ይበዛል። በነፍሳት ጫጩት የምታሳድግ ወፍ ጊዜዋን የምትመርጠው በዚሁ ነው። አንድ ዝናብ ብቻ ካለው አገር የተጻፈ የመራቢያ ወር ገልብጦ ለወሎ መጠቀም የማይሠራው ለዚህ ነው። እዚሁ አይቶ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ መመዝገብ ያለበት ዋናው ነገር ደግሞ ወፊቱ የታየችበት ቀን ሳይሆን የመጀመሪያው እንቁላል የተጣለበት ቀን ነው። ይህን ቀን በዓይን ማየት ብርቅ ነው፤ ግን በሒሳብ ይገኛል።

ወፊቱ በሳይንሳዊ ስሟ ቴርፕሲፎኔ ቪሪዲስ ትባላለች። ጭንቅላቷ ጥቁር ሆኖ ሰማያዊ ያብረቀርቃል፣ ሆዷ ግራጫ፣ ጀርባዋና ጭራዋ የሸክላ ቀለም ነው። አካሏ ከአጭር ጭራዋ ጋር 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የወንዱ ሁለት የመሃል ጭራ ላባዎች ግን ብቻቸውን ያንኑ ያህል ሊረዝሙ ይችላሉ። በዓይኑ ዙሪያ ያለው ሰማያዊ ቀለበትም በመራቢያ ጊዜ ይደምቃል። ጀማሪን የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በኢትዮጵያ ጀርባውና ጭራው ነጭ የሆነ ወንድ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ሌላ ዓይነት ወፍ አይደለም፣ ከሸክላማዋ ሴት ጋር ይጣመራል። ሁለተኛ፣ ጭራው አጭር የሆነ ሁሉ ሴት አይደለም፤ ወጣት ወንዶችና ላባ የቀየሩ ወንዶችም አጭር ናቸው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ጾታ አልተለየም» ብላችሁ ጻፉ።

የት መፈለግ? ጥላ፣ እርጥበትና ቀጭን ቅርንጫፍ የተገናኙበት ቦታ ሂዱ። በኮምቦልቻ የቦርከና ዳርና ወደ እሱ የሚወርዱ ጅረቶች፣ ማንጎና ዘይቱን የበዛባቸው ግቢዎች፣ ሾላና ዋንዛ ያለባቸው ሸለቆዎች ጥሩ መጀመሪያ ናቸው። ወደ ላይ ሲሆን የየጎፍ ደን ዳርቻ፣ ጥድና ወይራ ያልተቆረጠባቸው የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ግቢዎች ይከተላሉ። ከሥሩ ምንም ቁጥቋጦ በሌለው የደሴ ዙሪያ ባሕር ዛፍ ውስጥ ጊዜ ባታጠፉ ይሻላል፤ ጎጆ የሚሸሸግበት ቅጠል የለውም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ በሙቀት እስከ 4 ዲግሪ ሊለያዩ ይችላሉ። በመካከላቸው የሃረጎን ዳገት መውረድ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ላይም ታችም አንዳንድ ቦታ መርጦ በአንድ ቀን ሁለቱን ማየት ይችላል። ይህ ዕድል በብዙ ቦታ አይገኝም፤ ተጠቀሙበት።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ 8×42 ወይም 8×32 (8 እጥፍ የሚያጎላ) ባይኖኩላር፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር፣ እርሳስ (እስክሪብቶ በዝናብ ይፈሳል)፣ በረጅም ሸምበቆ ጫፍ የታሰረ ትንሽ መስታወት። ከዚህ ሌላ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ሜዳ ላይ አስቀምጡ። ከአጠገቡ ካለው ቤት ወይም ዛፍ ቢያንስ የቁመቱን እጥፍ ይራቅ። ሁልጊዜ ጠዋት በ3 ሰዓት ውሃውን በማስመሪያ ለክታችሁ በሚሊ ሜትር ጻፉና ድፉት። ያለ ዝናብ መዝገብ የጎጆ ቀን ብቻውን ግማሽ መረጃ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳዳሪ፣ የመስጊዱን ኃላፊ ወይም የግቢውን ባለቤት አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ መታወቂያ ያዙ። በአውሮፕላን ማረፊያውና በኢንዱስትሪ ፓርኩ አጥር አጠገብ ባይኖኩላር ማውጣት ጣጣ ያመጣል፤ እዚያ ወፍ ብታዩም እለፉ።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ አንድ ጠዋት፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ያንኑ መንገድ በዝግታ ተመላለሱበት። ወፊቱ ያልታየችበት ጠዋትም ይጻፋል፤ ሰው በብዛት የሚዘለው ይህንን ነው። ያልታየችበት ካልተጻፈ በጥር መጥፋቷና በጥር እናንተ አለመሄዳችሁ አይለይም። በሐምሌና በነሐሴ የደሴ ጭጋግ ባይኖኩላሩን ከንቱ ሲያደርገው በጆሮ ሥሩ። ጥሪዋ ሻካራና አጭር ነው፤ ዜማዋ ግን የሚንከባለል ፉጨት ነው።

ዜማ መስማት ብቻውን የመራባት ማስረጃ አይሆንም። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ትናንሽ አረንጓዴማ ወፎች በየዛፉ አሉ፤ አንዳንዶቹ ለመመለስ ሲቃረቡ በመጋቢት ይዘምራሉ፣ እዚህ ግን አይፈለፍሉም። ለዝንብ ያዧም ቢሆን ማስረጃዎቹን በደረጃ ለዩ። መዝፈንና እርስ በርስ መባረር ደካማ ናቸው። የሸረሪት ድር ወይም የቅርፊት ክር በአፍ ይዞ መሄድ ጠንካራ ነው። ምግብ ይዞ ሳይውጡ መብረርና የጫጩት ኩስ ነጭ ከረጢት ይዞ መውጣት ደግሞ ጎጆ ለመኖሩ ጥርጥር አይተዉም።

ጎጆውን ቁጥቋጦ እየገለጡ አትፈልጉ። በዚህ መንገድ የሚገኘው ጥቂት ነው፣ የሚበላሸው ብዙ። 20 ሜትር ያህል ርቃችሁ ዛፍ ተደግፋችሁ ተቀመጡና ወፊቱን በዓይን ተከተሉ። ድር የያዘች ወፍ ወዴት እንደገባች አንድ ጊዜ ካያችሁ ቦታውን ሳትቀይሩ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምልልስ ጠብቁ፤ የሦስቱ መስመር የሚገናኝበት ነው ጎጆው። ደጋግማ እየጮኸች ከአንድ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው የምትዘል ከሆነ ግን የምትጮኸው በእናንተ ምክንያት ነው። ወደኋላ ራቁ፤ ካልራቃችሁ ወደ ጎጆዋ አትገባም።

ጎጆው ስፋቱ ከቡና ሲኒ አይበልጥም። ከቀጭን የቅርፊት ክር፣ ከሥርና ከሣር ተሠርቶ በሸረሪት ድር ይታሰራል፣ ላዩ ላይ ግራጫ የዛፍ ሽበት ይለጠፍበታል፤ በዚህ ምክንያት ከታች ሲታይ የቅርንጫፍ እብጠት ይመስላል። ብዙ ጊዜ ሰው እጁን ዘርግቶ ሊደርስበት በሚችል ከፍታ፣ በቀጭን ቅርንጫፍ መንታ ላይ፣ አንዳንዴም በጅረት ላይ በተዘረጋ ቅርንጫፍ ይገኛል። ወንዱም ሴቷም ይሠራሉ፣ ሁለቱም ይታቀፋሉ፣ ሁለቱም ያበላሉ። ወንዱ ሲታቀፍ ጭራው ከጎጆው ጠርዝ ተርፎ ይንጠለጠላል። ይህን ካያችሁ መቅረብ አያስፈልግም፤ ቀኑን ጽፋችሁ ሂዱ።

አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከጉብኝት ነው። በግንባታ ጊዜና እንቁላል በሚጣልባቸው ቀናት አትቅረቡ፤ ወፊቱ ገና ብዙ ስላላወጣችበት ትታው ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ በ4 ቀን አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ በቂ ነው። ዝናብ እየዘነበ፣ ማለዳ በብርዱ ወይም ሊመሽ ሲል አትሂዱ፤ የታቀፈችው ከተነሣች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። ወደ ጎጆው ሄዳችሁ በመጣችሁበት አትመለሱ፤ መንገደኛ መስላችሁ እለፉ። ድመት የእግራችሁን ዱካ ተከትሎ ይደርሳል፣ ጦጣና ቁራ ደግሞ የቆማችሁበትን ያያሉ። አንዳቸው አካባቢው ላይ ካሉ ጉብኝቱን ተዉት። ፎቶ ለማንሳት ቅጠል መቁረጥ ጎጆውን ለፀሐይም ለቁራም መስጠት ነው። ቦታውን ለልጆች አታሳዩ፤ እረኞች የሚያውቁትን ይንገሯችሁ እንጂ እናንተ አትንገሩ። ወፍ መያዝና ቀለበት ማሰር ደግሞ ያለ ፈቃድና ያለ ሥልጠና የሚሞከር አይደለም።

መስታወቱን ከላይ አስጠግታችሁ ስታዩ ከ1 እስከ 4፣ አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 3 እንቁላል ታገኛላችሁ። ነጣ ወይም ክሬም ያለ ሆኖ በወፍራሙ ጫፍ ቀይማ ቡናማ ነጠብጣብ አለው። በመጠን ወይም በቀለም የሚለይ አንድ እንቁላል ካለ የኩኩ ወገን ወፍ ጥላው ሊሆን ስለሚችል ለይታችሁ ጻፉ፤ አታውጡት። ጫጩቶች ከሆኑ ዕድሜያቸውን ገምቱ። ራቁታቸውን ሆነው ዓይናቸው የተጨፈነ ከሆነ ከ1 እስከ 3 ቀን፣ ዓይናቸው እየተገለጠ የላባ እሾህ ከወጣ ወደ 5 ቀን፣ እሾሁ ጫፉ ላይ ተከፍቶ ላባ ማሳየት ከጀመረ ወደ 7 ቀን ነው። ከ9 ቀን በላይ ከመሰሏችሁ ከሩቅ ብቻ እዩ፤ በድንጋጤ መብረር ሳይችሉ ዘለው ይወድቃሉ።

አሁን ሒሳቡ። እንቁላል በቀን አንድ ይጣላል። መታቀፉ ከ11 እስከ 15 ቀን፣ ጫጩት በጎጆ የሚቆየው ከ10 እስከ 16 ቀን ነው። ሚያዝያ 20 ላይ የ7 ቀን የሚመስሉ ሦስት ጫጩቶች አያችሁ እንበል። ሚያዝያ 13 ተፈልፍለዋል፤ ለመታቀፍ 14 ቀን ስትቀንሱ መጋቢት 29 ላይ ሦስተኛው እንቁላል ተጥሏል፤ ሁለት ቀን ወደኋላ ሲሄዱ መጋቢት 27 የመጀመሪያው ነው። መታቀፉ 11 ወይም 15 ቀን ሊሆን ስለሚችል፣ የዕድሜ ግምቱም በአንድ ቀን ሊስት ስለሚችል፣ መዝገቡ ላይ «መጋቢት 27፣ በ4 ቀን ሊለያይ ይችላል» ብላችሁ ጻፉ። የእኛ ወራት ሁሉም 30 ቀን ስለሆኑ ይህ ቅነሳ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ጳጉሜን ሲገባበት ብቻ ነው። ቀጥሎ ከዚያ ቀን በፊት የነበሩትን 30 ቀናት ዝናብ ደምራችሁ ከጎኑ አስቀምጡ። ሦስትና አራት ዓመት እንዲህ ሲጠራቀም በልግ ጥሩ በሆነበትና በቀረበት ዓመት መካከል ያለው ልዩነት መታየት ይጀምራል።

ባዶ ጎጆ ስታገኙ ወዲያው «ተሳክቷል» አትበሉ። ጫጩቶቹ መብረሪያቸው ደርሶ ከነበረ፣ ጠርዙ ጠፍጥፎ ኩስ ካለበትና ወላጆቹ በአቅራቢያው ምግብ ይዘው ከታዩ በርረዋል ማለት ይቻላል። ጎጆው ተገልብጦ ወይም ተቀዶ፣ ጊዜው ገና ከሆነ ተበልቷል። እንቁላሉ ቀዝቅዞ ተቀምጦ በሁለት ተከታታይ ጉብኝት ወላጅ ካልታየ ተትቷል። በማዕበል የወደቀ ከሆነ መሬቱ ላይ ታገኙታላችሁ፤ በነሐሴ ይህ አይገርምም። ጎጆ የጠፋባቸው ጥንዶች በዚያው ወቅት እንደገና ሊሠሩ ስለሚችሉ ያንን ቁጥቋጦ ቢያንስ ለአንድ ወር መመልከት ቀጥሉ፤ ሁለተኛውን ጎጆ እንደ አዲስ ጥንድ አትቁጠሩት።

መዝገቡን እንደ ኢበርድ ባለ ዓለም አቀፍ የወፍ ምልከታ መመዝገቢያ መድረክ ላይ የምታስገቡ ከሆነ ቀኑም ሰዓቱም ይቀየራል፦ መጋቢት 27 ኤፕሪል 5 ይሆናል፣ ጠዋት 1 ሰዓት 7 ሰዓት ይሆናል። በደብተሩ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ። የጎጆውን ትክክለኛ ቦታ ግን ጫጩቶቹ ከበረሩ በኋላ ብቻ አውጡ።