የባቲ ሰኞና የጨው ማንኪያ

ደሴ ደጋ ነው። ባቲ ሲወርዱ ግን ሙቀቱ ሌላ ነው። ሰኞ ሰኞ ገበያ ውዬ ስመለስ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ጉልበቴም ይከዳኛል። ውሃ አትጠጣም እንዳትሉኝ፤ ሁለት ሊትር እጨርሳለሁ።

ለካ በላብ የሚወጣው ውሃ ብቻ አይደለም፣ ጨውም ነው። እኔ የምተካው ውሃውን ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ጨዉን በግምት ጨመርኩ። የባህር ውሃ ሆነ፤ ደፋሁት። ቀጥሎ ለተቅማጥ ቤት ውስጥ የሚበጠበጠውን ልኬት ያዝኩ። አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው አይቆለልም! ለጣዕም ሎሚ ጠብ አደረግኩበት። ስኳሩ ለማጣፈጫ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንጀት ጨዉን ስኳሩ ውስጥ ካለው ግሉኮስ ጋር አብሮ ይስባል፣ ውሃውም ይከተላል። ስኳሩ ከበዛ ግን ውሃውን መልሶ ወደ አንጀት ይጎትታል።

እናቴ «ይሄማ የበሽተኛ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ። ጠዋት በጥብጬ እወርዳለሁ፣ ቀስ እያልኩ እጎነጫለሁ፣ ማታ የተረፈውን እደፋለሁ። ሦስት ሰኞ ያለ ራስ ምታት ገባሁ። ግፊት ያለባቸው አጎቴ «እስቲ አቅምሰኝ» ሲሉ ግን እምቢ አልኩ፤ መጀመሪያ ሐኪምዎን ይጠይቁ ብዬ።