የድሮ ላዳ ካቴና (የሞተሩ ሰንሰለት) የሞተሩን የፊት ክዳን እየፋቀ ሲጮህ እንዴት እንደሚስተካከል

ባህር ዳር በባጃጅ ተሞልታ አንድ ላዳ ሲያልፍ ሰው ዞር ብሎ ያያል፣ የጎረቤቴ ባለ 1300 ሞተር ላዳ ግን ዞር የሚያስብለው በጩኸቱ ነበር። ሞተሩን ሙሉ ለሙሉ ሰርተን ስናስነሳው ከፊት በኩል ክርክርክር፣ ያየው ሁሉ "ካቴናው ረዝሟል ቀይሩት" ይላል፣ ካቴናው ግን አዲስ ነው! ፍንጩን የሰጠን ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው ፔዳል) ነው፣ ሲረገጥ ጩኸቱ ይብስ ነበር።

የፊቱን ክዳን ስትፈቱ ቶሎ በናፍታ አትጠቡት። ካቴናው የፋቀው ቦታ ብርማ ሆኖ ይታያል፣ የብረት ብናኙም የት እንደተጠራቀመ እዩ።

ቀጥሎ ክራንኩን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) በካቻቢቴ ወደፊት ወደኋላ ግፉና ጨዋታውን፣ ማለትም ምን ያህል እንደሚንሸራተት፣ ለኩ፣ ከ0.06 እስከ 0.26 ሚሜ ነው ትክክሉ፣ 0.35 ካለፈ ከኋላ መጨረሻ ካለው ብሮንዝ (ክራንኩ ከሚያርፍበት ኩሽኔታ) ጋር የሚገቡት ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉት ብረቶች መቀየር አለባቸው። የእኛ ጉድ እዚህ ነበር፣ ክራንኩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ሲመለስ አሮጌዎቹን መልሰን ገጠምናቸው፣ ፍሪሲዮን በተረገጠ ቁጥር ክራንኩ ወደፊት እየመጣ ካቴናውን ከክዳኑ ጋር ያገናኘዋል። ስንፍና ነው ሌላ ስም የለውም።

ጨዋታው ደህና ከሆነ ካቴናው የሚዞርባቸው ጊሮች ላይ ቀጥ ያለ ብረት አስደግፉ፣ አንዱ ወጣ ካለ እስከ መጨረሻው አልገባም ማለት ነው። ከታች ካቴናው እንዳይዘል የምትይዘዋን ፒን እንዳትረሱ።

ካቴና ስትገዙ ቀለበቱን ቁጠሩ፣ የ1200 እና የድሮው 1300 114 ነው፣ የ1500 እና የ1600 116 (የ2105 ሞዴሉ 1300 በካቴና ፋንታ ቺንጋ፣ የጎማ ቀበቶ፣ ስለሆነ ይሄ ሁሉ አይመለከተውም)። በክረምት ደግሞ የጣና እርጥበት አንድ ሌሊት አይታገስም፣ ካቴናውን ዘይት ቀብታችሁ አሳድሩት።

ስትገጥሙ የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው የላይኛው ዘንግ) ጊር ምልክት ከላይ ካለው ጉብታ ጋር፣ የክራንኩ ደግሞ ብሎኩ ላይ ካለው ምልክት ጋር ይግጠም። አሁን ዋናው ዘዴ፣ ክዳኑ ውስጥ ብርማ የነበረው ቦታ ላይ ልጆች የሚጫወቱበትን ፕላስቲሲን ወይ ጠንከር ያለ የስንዴ ሊጥ ለጥፉ፣ ካቴናውን ዘይት ቀቡ፣ ከነጓርኒሲዮኑ (ዘይት እንዳያፈስ መሃል የሚገባው) ክዳኑን እሰሩና ክራንኩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሩት። ሲፈታ ሊጡ የቀረለትን ውፍረት ለኩ፣ እኔ ከ2 ሚሜ በታች ከሆነ አላምነውም። ጊሮቹ ቀጥ ብለው፣ ጨዋታውም ደህና ሆኖ አሁንም ከነካ ክዳኑን ከውስጥ በሞረድ ትንሽ ትንሽ ፋቁት፣ ግን ሊጡም ብናኙም አንድ ሳይቀር ተጠርጎ ይውጣ፣ ዘይት ፓምፑ ሊጥ አይወድም።

መጨረሻ ላይ የካቴናውን መወጠሪያ ዳዶ በ13 ቁልፍ ግማሽ ዙር አላሉ፣ ክራንኩን ወደ ቀኝ ሁለት ሦስት ዙር አዙሩ፣ ሞላው ራሱ ይወጥረዋል፣ ከዛ እሰሩ። ወደኋላ መልሳችሁ አታዙሩ።

አስነሱትና ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ እያለ ፍሪሲዮን እየረገጣችሁ አዳምጡ። እኛ ዝም ሲል ወደ ቤዛዊት ዳገት ይዘነው ወጣን፣ ጎረቤቴ ሬዲዮ ሊከፍት ሲል እጁን ያዝኩት፣ እስክንወርድ ድረስ መስማት የፈለግኩት ሞተሩን ብቻ ነበር።