ለቤት ቢሮ ሌዘር ፕሪንተር ሲገዙ የሚሠሩ ስህተቶች

ሥራዬ የሰነድ ትርጉም ነው። ቢሮዬ ደግሞ ሳሎኑ ጥግ ላይ ያለችው ጠረጴዛ ናት። የልደት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ ውክልና ተርጉሜ አትሜ እሰጣለሁ። የመጀመሪያውን ፕሪንተር ስገዛ ያየሁት ዋጋውን ብቻ ነበር። ርካሽ አገኘሁ ብዬ ተሸክሜ ገባሁ። አራት ወር ሳይሞላው ቶነሩ፣ ማለትም የሚያትምበት ዱቄት፣ አለቀ። መርካቶ ዞርኩ፣ ፒያሳ ዞርኩ። መልሱ አንድ ነው፦ «የዚህ ሞዴል የለንም።» ዛሬ ላዩ ላይ የአበባ ማሰሮ ተቀምጦበታል።

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፤ ፕሪንተሩን መርጦ ቶነሩን በኋላ መፈለግ። መቅደም ያለበት ቶነሩ ነው። ሳይገዙ በፊት ቶነር የሚሸጡና የሚሞሉ ሱቆች ይግቡ። የሞዴሉን ስም ይንገሯቸውና ኦሪጅናሉ ስንት እንደሆነ፣ ኮፒው (ሌላ ድርጅት አመሳስሎ የሠራው) ስንት እንደሆነ፣ ማስሞላት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። እኔ ሦስት ሱቅ ገብቼ ሦስቱም ጋ ካላገኘሁ ሞዴሉን እተወዋለሁ። ፕሪንተሩ የቱንም ያህል ቢያምር።

ቀጥሎ የሚያታልለው ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ቶነር ነው። ብዙ ጊዜ ሙሉ አይደለም። ለምሳሌ የካነን ኤልቢፒ6030 ቶነር 725 ይባላል፤ 1,600 ገጽ ያትማል ተብሎ ይሸጣል። ከፕሪንተሩ ጋር የሚመጣው ግን 700 ገጽ ገደማ ብቻ ነው። ያም ቢሆን ቁጥሩ የተሰላው ከወረቀቱ 5 በመቶ ያህሉ ብቻ በጽሑፍ ይሸፈናል ተብሎ ነው። አጭር ደብዳቤ ማለት ነው። ጥቅጥቅ ያለ ውል ወይም ሠንጠረዥ የሚያትም ሰው ያን ያህል አይጠብቅ። ስለዚህ ሁለት ፕሪንተር ሲያወዳድሩ የቶነሩን ዋጋ ለገጹ ብዛት ያካፍሉት። ርካሹ ፕሪንተር ውድ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ።

ድራሙንም አይርሱት፤ ዱቄቱን ተቀብሎ ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው ተሽከርካሪ ሲሊንደር ነው። በትንንሾቹ የኤችፒና የካነን ፕሪንተሮች ላይ ድራሙ አብዛኛውን ጊዜ ካርትሬጁ (የቶነሩ መያዣ) ውስጥ ነው፤ ቶነር ሲቀይሩ አብሮ ይቀየራል። ደጋግመው ካስሞሉት ግን ዱቄቱ ይታደሳል እንጂ ድራሙ ያው አሮጌው ነው። ወረቀቱ ላይ መስመርና ጥቁር ነጥብ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ብራዘር ላይ ድራሙ ለብቻው ይሸጣል። 12,000 ገጽ ገደማ የሚሄድ አለ፤ ሲያልቅ የሚጠይቀው ገንዘብ ግን ያስደነግጣል። «ቶነሩ ርካሽ ነው» ሲሉዎት «ድራሙስ?» ይበሉ።

የመብራቱ ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሌዘር ፕሪንተር ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ነው፤ ማጣበቂያው ክፍል 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ለማሞቅ ሲነሳ በአንዴ ብዙ ኃይል ይስባል። አምፖሉ ቦግ እልም ሲል አይተው ይሆናል። ፕሪንተሩን ኮምፒውተሩ ከተሰካበት ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ) ላይ መሰካት ስህተት ነው። ዩፒኤሱ ይጮሃል፣ ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩንም ይዞት ይጠፋል። ፕሪንተሩን ለብቻው ግድግዳው ላይ ይሰኩት። ስታቢላይዘር ካስፈለገም ከ1,000 ዋት በላይ የሚችል ይሁን። እያተመ መብራት ከሄደ ማጥፊያውን ይጫኑና ይጠብቁ፤ ሲመጣ በኃይል ሊመጣ ይችላል። ውስጥ የቀረውን ወረቀት ደግሞ በንዴት አይጎትቱ። ክዳኑን ከፍተው፣ ቶነሩን አውጥተው፣ በሁለት እጅ ቀስ ብለው ይሳቡት።

«ከአሜሪካ ዘመድ ይዞልኝ ይመጣል» የሚሉም አሉ። ላፕቶፕ ቢሆን ችግር የለውም፤ ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። ሌዘር ፕሪንተር ግን እንደዚያ አይደለም። እዚያ የሚሸጠው ለ110 ቮልት የተሠራ ነው። እዚህ በቀጥታ ከሰኩት ያቃጥሉታል። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ዘመድዎ ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ። ቮልት በሚቀንስ ትራንስ እጠቀማለሁ ካሉም ያቺ ትንሿ ትራንስ አትችለውም። ሌላም ነገር አለ። ስማቸው መጨረሻ ላይ «ኢ» (e) ያለባቸው የኤችፒ ሌዘሮች፣ እንደ ኤም110ደብልዩኢ ያሉት፣ ሁልጊዜ ኢንተርኔትና ኦሪጅናል የኤችፒ ቶነር ይፈልጋሉ። ማስሞላት ለለመደ ሰው አይሆኑም።

ባለ ቀለም ልግዛ ወይ? ለደብዳቤና ለደረሰኝ አያስፈልግም። አራት ቶነር መግዛት ማለት ነው። በዓመት ሁለቴ ለሚያትሙት ባለ ቀለም ወረቀት ሰፈር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ይበቃል።

ያገለገለ መግዛት ራሱ ስህተት አይደለም፤ የአሁኑ የእኔም ያገለገለ ነው። ስህተቱ ሳያትሙ መግዛት ነው። የኮንፊግሬሽን ገጹን (ማሽኑ ስለ ራሱ መረጃ የሚያትምበትን ገጽ) አትሙልኝ ይበሉ። ብዙዎቹ ላይ ማሽኑ እስከዛሬ ስንት ገጽ እንዳተመ ይወጣል። ከዚያ ሃያ ወረቀት በተከታታይ ያሳትሙ። ሁለት ሁለት እየሳበ ከሆነ ወይም አንድ ነጥብ በእኩል ርቀት እየተደጋገመ ከመጣ ዋጋ ያስቀንሱ። ጽሑፉ በጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ ግን ሊሆን የሚችለው የማጣበቂያው ክፍል ችግር ነው፤ ይተዉት። «ይሠራል፤ ቶነር ስለሌለው ነው እንጂ» ካሉዎት ደግሞ ጎረቤት ካለው ሱቅ ቶነር ተውሰው ያሳዩኝ ይበሉ። እምቢ ካሉ መልሱን አገኙ።