ኤችአይቪ በአንጎል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማጥናት፦ የአር21 ግራንት ማመልከቻ እንዴት ይዘጋጃል?

በዚህ ዘርፍ ትልቁ የገንዘብ በር የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋማት (ኤንአይኤች)፣ በተለይም የአእምሮ ጤና ኢንስቲትዩቱ የኤድስ ምርምር ክፍል ነው። አዲስ ሐሳብ ላለው ተመራማሪ አር21 የተባለው የሙከራ ምርምር ድጋፍ ይመቻል፦ ሁለት ዓመት፣ በድምሩ እስከ 275,000 ዶላር ቀጥተኛ ወጪ፣ በአንድ ዓመት ግን ከ200,000 የማይበልጥ። ዓላማዎቹ በ1 ገጽ፣ የምርምር ስልቱ በ6 ገጽ ማለቅ አለባቸው፤ ፊደሉም ከ11 ነጥብ አይነስ።

ምዝገባውን ፕሮፖዛሉን ከመጻፍዎ በፊት ያስጀምሩ። ተቋሙ በሳም (የአሜሪካ መንግሥት የገንዘብ ተቀባዮች መዝገብ)፣ በግራንትስ ዶት ጎቭ (የማመልከቻ ድረ ገጽ) እና በኢአርኤ ኮመንስ (የኤንአይኤች የማመልከቻ መከታተያ) መመዝገብ አለበት፤ ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ ኤንኬጅ ኮድም (የተቋም መለያ ቁጥር) ይጠየቃል። ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። የተቋሙ ስምና አድራሻ በአንዱ ቅጽ ከሌላው በአንዲት ቃል ከተለየ ሥራው እዚያው ይቆማል። የሳም ምዝገባ በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ይህን የሚያስታውስ ሰው በቢሮው ካለ እድለኛ ነዎት።

የኢትዮጵያ ተቋም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሥር በንዑስ ውል የሚገባበትን አሠራር ኤንአይኤች እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 አዲስ መዋቅር እስኪዘረጋ ማገዱን አስታውቋል። ስለዚህ የባልደረባዎን የድሮ ማመልከቻ አይገልብጡ፤ የጥሪውን የብቁነት ክፍል ያንብቡ፣ ከቀነ ገደቡ ሁለት ወር ቀደም ብለውም የዓላማ ገጹን ለፕሮግራም ኦፊሰሩ፣ ማለትም ዘርፉን ለሚከታተለው የኤንአይኤች ባለሙያ፣ ይላኩ።

ያቺ አንድ ገጽ ከሌላው ሁሉ ትበልጣለች። «ኤችአይቪ በአንጎል ላይ ያለውን ተጽዕኖ መዳሰስ» የሚል ዓላማ ገምጋሚውን ያሰለቸዋል። ቫይረሱ በዋናነት የሚገባው በማይክሮግሊያና በማክሮፌጅ፣ ማለትም በመከላከያ ሴሎች፣ ውስጥ ነው፤ ነርቭ ሴሎች የሚጎዱት ከእነዚህ በሚወጣው መርዛማ ፕሮቲንና በብግነቱ ነው። ጥያቄዎ ከዚህ ይነሣ፦ ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት ቢያንስ ሁለት ዓመት የወሰዱ፣ በደማቸው ቫይረስ የማይታይ ሰዎች የኒውሮፊላመንት (ነርቭ ሴል ሲጎዳ የሚወጣ ፕሮቲን) መጠናቸው ከማነጻጸሪያው ቡድን ይበልጣል ወይ? ከጣታቸው ፍጥነት ጋርስ ይያያዛል ወይ?

ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው በመለኪያው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ዓለም አቀፉ የኤችአይቪ ዲሜንሺያ መለኪያ ሦስት ሥራ ብቻ ነው ያለው፦ ለ5 ሰከንድ አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን በፍጥነት ማነካካት፣ ለ10 ሰከንድ የእጅ ቅደም ተከተል መደጋገም፣ አራት ቃል ከ2 ደቂቃ በኋላ ማስታወስ። ከ12 ነጥብ 10ና ከዚያ በታች ያመጣ ይጠረጠራል። በኡጋንዳ ሲፈተሽ ዲሜንሺያ የሌለበትን በትክክል የመለየት ብቃቱ 55 በመቶ ብቻ ነበር፤ ዲሜንሺያ ከሌለባቸው 100 ሰዎች 45ቱን ይጠረጥራል ማለት ነው። ለመለያነት ይጠቀሙበት እንጂ እንደ ዋና ውጤት አያቅርቡት።

የእ.ኤ.አ. 2007ቱ የፍራስካቲ መስፈርት (ከኤችአይቪ ጋር የተያያዘ የአእምሮ መዳከም መለያ) ቢያንስ በሁለት የአእምሮ ተግባራት ከአማካይ 1 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የውጤቶች ስርጭት መለኪያ) ዝቅ ማለትን ይጠይቃል። አማካዩ የማን ነው? አራተኛ ክፍል ያቆመች የገበያ ነጋዴ በአሜሪካ አማካይ ከተለካች ቫይረስ ባይኖርባትም «ታማሚ» ትባላለች። በዚያው ሰፈር የሚኖር፣ በዕድሜና በትምህርት የሚመሳሰል፣ ከቫይረሱ ነፃ የሆነ ማነጻጸሪያ ቡድን የግድ ነው። ድብርት፣ አልኮል፣ ጫትና ቀድሞ የተወሰደ ኤፋቪሬንዝም (ሌላ የኤችአይቪ መድኃኒት) መመዝገብ አለባቸው፤ አለበለዚያ ገምጋሚው ውጤቱን ለእነሱ ይሰጠዋል።

የሰው ቁጥር በስሌት ይታይ። ግማሽ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ልዩነት ለመያዝ፣ በ80 በመቶ ኃይል (ልዩነቱ ካለ የማግኘት ዕድል) እና በ0.05 የስህተት ደረጃ፣ በየቡድኑ 64 ሰው ያስፈልጋል፤ 15 በመቶው ይቀራል ካሉ 76። ልዩነቱ 0.3 ከሆነ ወደ 176 ያሻቅባል፤ ይህን በአር21 አይሞክሩት።

ከወገብ የአከርካሪ ፈሳሽ ለመቅዳት ብዙ ሰው እሺ አይልም፤ ከደም የሚለካውን ኒውሮፊላመንት ዋና አድርገው ፈሳሹን ፈቃደኛ ከሆኑት ብቻ ይውሰዱ። በጀቱ ላይ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዘው ፍሪጅ ጄኔሬተርም እንደሚፈልግ ያስታውሱ፤ መብራት ጠፍቶ የቀለጠ ናሙና አይመለስም። ናሙናው ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የማስተላለፊያ ስምምነቱን ቀድመው ይጀምሩ። የሥነ ምግባር ፈቃድ ግን ሲያመለክቱ በእጅዎ ባይኖርም ችግር የለውም፤ ኤንአይኤች የሚጠይቀው ገንዘቡ ሊሰጥ ሲቃረብ ነው።

የግምገማው ነጥብ ከ10 እስከ 90 ሲሆን ትንሹ ቁጥር ይሻላል። ከወደቁ በ37 ወር ውስጥ አንድ ጊዜ አሻሽለው ማቅረብ ይችላሉ፤ ለገምጋሚዎቹ መልስ የሚሰጡበት መግቢያ 1 ገጽ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ለክርክር ሁለት መስመር እንኳ አያባክኑ።