የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶቹ ሐይቅ ሲገቡ ለምን ይሞቱ ነበር?

ዝዋይ ሐይቅ ላይ ቆሮሶ ሲመናመን ማኅበራችን ጫጩት እያመጣ መጨመር ጀመረ። ችግሩ፣ ገና ከመለቀቃቸው ሆዳቸውን ገልብጠው ይንሳፈፋሉ። በሽታ ነው ያለም ነበር። ቴርሞሜትር ስናስገባ ግን ጫጩቶቹ የሚመጡበት ፌስታልና የሐይቁ ውሃ ሙቀት ጭራሽ አይገናኝም።

አሁን ከጉዞው በፊት አንድ ቀን አናበላቸውም፤ ውሃቸው በኩስ እንዳይበከል። ፌስታሉ ሲሶው ውሃ፣ የቀረው ኦክስጅን ነው። ስንደርስ እንደታሰረ ሐይቁ ላይ እናንሳፍፈዋለን፣ ሙቀቱ እስኪቀራረብ ግማሽ ሰዓት ገደማ። ከዚያ ፈትተን የሐይቁን ውሃ በጣሳ ቀስ እያልን እንጨምርበታለን። መድፋት የለም፤ ራሳቸው ዋኝተው ይወጣሉ። ቦታውም ፊላው፣ ዳር ላይ ያለው የውሃ ሣር ውስጥ ነው። ገላጣው ላይማ አምባዛ የሚባለው ዓሣ ቁርስ ያደርጋቸዋል።

አሁን ሲለቀቅ የሚሞት ብርቅ ነው። የቀረን ጣጣ ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ነው፤ ጫጩቱን ሳያድግ ጠራርጎ ያወጣዋል።