የመጀመሪያ ጠጅ አጣጣል

ቤት ውስጥ የተጣለ ጠጅ ሲበላሽ ማሩ ወይም ጌሾው ይወቀሳል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የአየር ነው። ብርዙ አየር በሚፈልግባቸው የመጀመሪያ ቀናት ታፍኖ ይቆያል፤ በኋላ ደግሞ አየር ጨርሶ ሊነካው በማይገባ ጊዜ ክዳኑ ሲከፈት ሲዘጋ ይከርማል። ከታች ያለው አሠራር በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ 2 ኪሎ ማር፣ 6 ሊትር ውኃና 150 ግራም የጌሾ እንጨት ይበቃል። በስፍር ሲታይ አንድ እጅ ማር ለአራት እጅ ውኃ ገደማ ነው። አንድ ለሦስት ሲሆን ወፈር ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚፈላና ጣፋጭ ጠጅ ይወጣል፤ አንድ ለአምስት ሲሆን ወደ ደረቅ ያደላል። ዕቃው ከ10 እስከ 12 ሊትር ይያዝ፤ ብርዙ ሰባት ሊትር ተኩል ገደማ ስለሚሆን ቀሪው ቦታ ለአረፋው ነው። እንስራ ከሆነ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። የጠርሙስ ወይም ለምግብ የተሠራ የፕላስቲክ ዕቃ በደንብ ታጥቦ ሳሙናው እስኪለቅ መለቅለቅ ብቻ ይበቃዋል። አልሙኒየም ውስጥ ግን አይጣልም፤ የጠጁ አሲድ ብረቱን ይበላዋል።

ሰፈፉ ያልተለየው ማር ይመረጣል። በሙቀት የተነጠረ ማር የራሱ እርሾ ስለሞተበት ሳይፈላ ይዘገያል። ስኳር የተቀላቀለበት ማርም ያሰክራል እንጂ የማር ጠረን አይሰጥም። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት ቀድሞ ይፈላና ይቀዘቅዛል። ከጌሾ ለጠጅ የሚሆነው እንጨቱ ነው፤ ቅጠሉ ምሬቱን ቶሎ ስለሚለቅ ለጀማሪ ያስቸግራል።

ማሩን ለብ ባለ ውኃ፣ ቢበዛ 35 ዲግሪ በሆነ፣ ሰፈፉ እስኪለይ በንጹሕ እጅ ያሹት። የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ይሰብሰብ፣ ሰሙ በኋላ ይፈለጋል። ከዚያ ዕቃው በስስ ንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ይቀመጣል። ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ እስከ ሥሩ ይማሰል፤ እርሾው የሚራባው በዚህ ጊዜ በሚያገኘው አየር ነው። ፊቱ ላይ ጥቃቅን አረፋ ሲታይና ጆሮ ሲያስጠጉ የመፍላት ድምፅ ሲሰማ ተጠንስሷል ማለት ነው። በአዲስ አበባ ክረምት ሊዘገይ ስለሚችል በብርድ ልብስ ይጠቅለል። አራተኛው ቀን ላይ ምንም ምልክት ከሌለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ በትንሽ ለብ ያለ ብርዝ ሟሙቶ ይጨመር። ነውር የለውም፤ ብርዙን ከመድፋት በእጅጉ ይሻላል።

አሁን ጌሾው ይገባል። 100 ግራሙ ከአንድ ሊትር ተኩል ብርዝ ጋር በዝግተኛ እሳት ለ15 ደቂቃ ይቀቀላል። እንዳይገነፍል አጠገቡ ይቁሙ። ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ከነእንጨቱ ወደ ዕቃው ይመለሳል። የቀረው 50 ግራም አቧራው ተራግፎ ጥሬውን ይጨመራል፤ ልጡ ላይ ያለው እርሾ ስለሚያግዝ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሳምንት ዓይን የሚፈልገው ነው። አረፋው የጌሾውን እንጨት ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ከፈሳሹ በላይ ቀርቶ የደረቀው ወገን ደግሞ ይሻግታል። በየቀኑ በንጹሕ ማማሰያ ወደ ታች ይጫኑት። ጌሾው ከገባ ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ትንሽ እየቀዱ ይቅመሱ። ምሬቱ ከጣፋጩ ኋላ መምጣት አለበት፤ ቀድሞ ምላስ ከያዘ ጌሾው በዚያው ቀን ይውጣ። ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ቀን ይበቃዋል።

ጌሾው ከወጣ በኋላ ጠጁ በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ እስከ አንገቱ ወደሚሞላ ጠባብ ዕቃ ይዛወራል። ክዳኑ ተበስቶ ቀጭን ቱቦ ይገባበታል፤ ዙሪያው ባስቀመጡት ሰም ይደፈናል፤ የቱቦው ሌላ ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ጋዙ ይወጣል፣ አየር አይገባም። ከዚህ ወዲያ ክዳን እየከፈቱ መቅመስ የለም፤ አየር ያገኘ ጠጅ ይኮመጥጣል፣ ወደ ኮምጣጤ የሄደ ጠጅም አይመለስም። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ውኃው ውስጥ በደቂቃ አንድ አረፋ እንኳ ካልወጣና አተላው ከሥር ከረጋ፣ አተላው ሳይናወጥ በቱቦ ይቀዳ። ሃይድሮሜትር (የፈሳሽ እፍግታ መለኪያ) ያለው ሰው መነሻውን ወደ 1.085፣ መጨረሻውን 1.015 አካባቢ ካገኘ አልኮሉ ወደ 9 በመቶ ነው።

ፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ስስ ነገር የሰፈፍ ቅሪት ሊሆን ይችላል፤ ይገፈፋል። ጠጉር ያወጣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ከታየ ግን ሁሉም ይደፋ። የተበላሸ እንቁላል ሽታ እርሾው ምግብ እንዳነሰው ያሳያል፤ ከማር ብቻ የሚያገኘው ናይትሮጅን ጥቂት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከመጣ አጥብቆ ማማሰል ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል። መፍላቱን ያልጨረሰ ጠጅ በጠርሙስ ታሽጎ ከተቀመጠ ጋዙ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል፣ ሰውም ይጎዳል፤ ስለዚህ ሦስት ጣት ያህል ጎደል አድርገው ሞልተው፣ ክዳኑን ሳያጠብቁ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት።

ውጭ አገር ለሚኖሩ፦ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አንድ አዋቂ ባለበት ቤት በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ባሉበት እስከ 200 ጋሎን ለራስ መጣል ይቻላል፤ መሸጥ አይፈቀድም። በሳዑዲ ዐረቢያና በኩዌት ግን መጥመቁ ራሱ ወንጀል ነው፤ እዚያ አይሞከር።

አተላውን አይድፉት። አንድ ብርጭቆ ያህል በንጹሕ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ካቆዩና በሳምንት ውስጥ ለሚቀጥለው ብርዝ ከጨመሩት፣ የሦስት ቀኑ ጥበቃ ወደ አንድ ቀን ያጥራል።