ሌዘሩ ተመልሶ ሲመጣ፦ በፕላዝማ ውስጥ የብርሃን መበተን ችግርና መፍትሄ

ሌዘሩ ተተኩሷል። ኢላማው ግን የታሰበውን ያህል አልሞቀም። ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ «ኃይል እንጨምር» ይላል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ፕላዝማው፣ ማለትም ኤሌክትሮኖች ከአቶሞቻቸው የተላቀቁበት ትኩስ ጋዝ፣ ብርሃኑን እየመለሰው ከሆነ፣ ኃይል ሲጨመር የሚብሰው ብተናው ነው። መጀመሪያ የተመለሰውን ብርሃን ቀለም እዩ። የት ቦታ እንደተበተነ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ምሳሌዬ ካሊፎርኒያ፣ ሊቨርሞር ያለው ናሽናል ኢግኒሽን ፋሲሊቲ፣ በአጭሩ ኒፍ ነው። በሌዘር የሃይድሮጅን ነዳጅ ጨምቆ የኑክሌር ውህደት የሚፈጥር ማዕከል ነው። 192 ጨረሮች አሉት። የሞገድ ርዝመታቸው 351 ናኖሜትር ነው፤ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት። ይህ ብርሃን ወደ ፕላዝማ የሚዘልቀው እፍጋቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 9 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ኤሌክትሮን ገደማ እስኪደርስ ነው። ከዚያ በላይ እንደ መስታወት ይመልሰዋል። ይህን «ወሰኑ» እንበለው።

ምልክት፦ የተመለሰው ብርሃን አረንጓዴ ወይም ቀይ ነው

ይህ የራማን ብተና ነው። ብርሃኑ ኤሌክትሮኖቹን በሞገድ ያወዛውዛል። ጉልበቱን ለዚያ ሞገድ ያካፍልና ቀለሙ ወደ ቀይ ሸሽቶ ይመለሳል። እፍጋቱ በጨመረ ቁጥር የሚያካፍለውም ይጨምራል። ስለዚህ ስፔክትሮሜትሩን፣ ብርሃንን በቀለም የሚለየውን መሣሪያ፣ እንደ ካርታ አንብቡት። እፍጋቱ የወሰኑ አንድ አስረኛ በሆነበት ቦታ የተበተነው 513 ናኖሜትር አካባቢ፣ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ፕላዝማው ሲሞቅ ወደ ቢጫ ጠጋ ይላል። አንድ አራተኛው ላይ ደግሞ 702 ይደርሳል፤ ጠቆር ያለ ቀይ። ከአንድ አራተኛ በላይ ራማን የለም።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሜዳ ነው፤ ማለትም እፍጋቱ ረጅም ርቀት ሳይለወጥ መቆየቱ። የሚገባው ብርሃን፣ የሚበተነው ብርሃንና የኤሌክትሮኑ ሞገድ እኩል የሚራመዱት እፍጋቱ ሲመቻቸው ብቻ ነው። የፕላዝማ ፊዚክስ ሊቁ ማርሻል ሮዘንብሉት እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳሳየው፣ እፍጋቱ ቶሎ ቶሎ ከተለወጠ እርምጃቸው ይዛነፋል። ብተናውም ብዙ ሳያድግ ይቀራል። ዳገት ወዳጃችሁ ነው።

መፍትሄውን ኒፍ በውድ ዋጋ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2012 የነዳጁን ካፕሱል በሚይዘው የወርቅ ሲሊንደር ውስጥ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1 ሚሊግራም ገደማ ሂሊየም ይሞላ ነበር። የሞቀው ወርቅ ተነፍቶ የጨረሩን መንገድ እንዳይዘጋ ነው። ግን ጋዙ ራሱ ረጅም ሜዳ ሆነ። ከሌዘሩ ጉልበት 15 በመቶ ገደማ ተመልሶ ወጣ። በኋላ ጋዙ ወደ 0.3 ሚሊግራም ሲወርድ ብተናው እጅግ ቀነሰ። ታዲያ በነፃ አልተገኘም። ጋዝ ሲያንስ ወርቁ ቶሎ ይገባል፤ ስለዚህ የሌዘሩ ምት ማጠር ነበረበት። ለዚህ ከፕላስቲክ ይልቅ የአልማዝ ካፕሱል አመቸ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2022 2.05 ሜጋጁል የሌዘር ጉልበት ገብቶ ከውህደቱ 3.15 የወጣው በዚህ አካሄድ ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

ምልክት፦ ቀለሙ ምንም ያህል አልተለወጠም

ይህ ብሪሉዋን የሚባለው ብተና ነው። እዚህ የሚወዛወዙት ከባዶቹ አዮኖች ናቸው፤ ሞገዱም እንደ ድምፅ ሞገድ ነው። የሚወስደው ጉልበት ትንሽ ስለሆነ ለውጡ ከአንድ ሁለት ናኖሜትር አያልፍም። አልትራቫዮሌቱ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ሌንሶቹን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በርትቶ ካያችሁት ቀጣዩን ተኩስ አቆዩ። ቀላል አቶም ቀላቅሉ፣ ለምሳሌ ወርቁ ላይ ቦሮን። ቀላሎቹ አዮኖች የሞገዱን ጉልበት እየወሰዱ ያከስሙታል። ጨረሩ የሚያርፍበትን ነጥብ ማለስለስ፣ ማለትም ብርሃኑ በእኩል እንዲሰራጭ ማድረግም ይረዳል፤ ይህ ለራማንም ይሠራል።

ምልክት፦ የተመለሰው ጥቂት ነው፣ ኃይለኛ ኤክስሬይ ግን አለ

ኢላማው በቀጥታ በሌዘር ሲመታ ይህን ጠብቁ። በወሰኑ አንድ አራተኛ ላይ ብርሃኑ ለሁለት የኤሌክትሮን ሞገዶች ይሰነጠቃል። እነሱ የሚወረውሯቸው ፈጣን ኤሌክትሮኖች ኤክስሬዩን ያመነጫሉ፤ ነዳጁንም ሳይጨመቅ ያሞቁታል። ማረጋገጫው በ234 ናኖሜትር አካባቢ የሚመዘገብ አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው።

ለ351 ናኖሜትር ሌዘር እንዲህ አስሉ። የጨረሩን ጥንካሬ በ100 ትሪሊዮን ዋት በካሬ ሴንቲሜትር ቁጠሩ። እፍጋቱ በሚለወጥበት ርቀት፣ በማይክሮን፣ አባዙት። ከዚያ ለ233 እና ለሙቀቱ፣ በኪሎኤሌክትሮንቮልት፣ አካፍሉ። ጥንካሬው 5፣ ርቀቱ 150፣ ሙቀቱ 2 ከሆነ 1.6 ይመጣል። ከ1 በላይ ስለሆነ ችግር አለ። ርቀቱ ወደ 80 ቢያጥር 0.86 ይሆናል። የኢላማው ሽፋን ላይ ሲሊከን መጨመር ሙቀቱን ከፍ፣ ርቀቱን አጠር ያደርጋል።

ሌዘራችሁ ኢንፍራሬድ ከሆነ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ቀለሙን መቀየር አስቡ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሊቨርሞሩ ሌዘር ሺቫ በ1.06 ማይክሮን ሲተኩስ ፈጣን ኤሌክትሮኖች አስቸገሩት። ተከታዩ ኖቫ ብርሃኑን በክሪስታል አሳልፎ ወደ 351 ናኖሜትር የቀየረው ለዚህ ነው።